ሲሞንም ጃንደረባውም ተጠምቀዋል፤ የራሳችንን እምነት እንዴት እንፈትሽ?

በቤተ ክርስቲያናችን የጥምቀት ትምህርት ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። «መዳናችሁን በምን አወቃችሁ?» ብዙዎቹ ቀን ይነግሩኛል። «ኮንፈረንስ ላይ እጄን ያነሣሁ ቀን»፣ «ሰባኪው እየመራኝ የጸለይኩ ቀን»። ያንን ቀን አላጣጥለውም። እኔም እንደዚያ ያለ ቀን አለኝ፤ ዛሬም ሳስበው እንባዬ ይመጣል። ግን ቀኑ ብቻውን መልስ አይሆንም። ለምን እንደምል እንድታዩ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ክፈቱ። ቁጭ ብላችሁ፣ ሳታቋርጡ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እዚያ ሁለት ሰዎች ታገኛላችሁ። አንዱ ሰማርያ ውስጥ ሕዝቡን በጥንቆላ ያስደንቅ የነበረው ሲሞን ነው። ሌላው ስሙ ሲነሣ ልባችን የሚሞቅለት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ኃላፊ። ሁለቱም ወንጌልን የሰሙት ከፊልጶስ ነው። ሁለቱም ተጠመቁ። ስለ ሲሞንማ «አመነ» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። መዝገብ ቢታይ ልዩነት የላቸውም።

ሲሞን ግን ዓይኑ ተአምራቱ ላይ ነበር። ሐዋርያት እጃቸውን ሲጭኑ መንፈስ ቅዱስ እንደሚሰጥ ሲያይ ገንዘብ አመጣ። ጴጥሮስ ልብህ የቀና አይደለም፣ ንስሐ ግባ ብሎ ሲገሥጸው ምን አለ? ካላችሁት ነገር አንዱም እንዳይደርስብኝ ለምኑልኝ አለ። ይህችን መልስ ደጋግሜ አነባታለሁ። ቅጣቱን ፈርቷል። ስለ ልቡ ግን ቃል አልወጣውም።

ጃንደረባውን ደግሞ እዩት። ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ነው። ትልቅ ሰው ሆኖ ሳለ የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ይገባኛል ለማለት አላፈረም። ከውኃው እንደወጡ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ወሰደው። ጃንደረባው ከዚያ በኋላ አላየውም። ግን ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። አስተማሪው ሄደ፣ ደስታው አብሮት ሄደ።

የመጀመሪያው ፍተሻ ከዚህ ይወጣል። ፊልጶስ ሲወሰድ ምን ይተርፈኛል? ለአንድ ሳምንት የዩቲዩብ ስብከቱን፣ የቴሌግራም ትንቢቱን፣ የጆሮ ማዳመጫውን መዝሙር ተዉት። መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከወንጌላት አንዱን ብቻ ይዛችሁ፣ በራሳችሁ ቃል እየጸለያችሁ ቆዩ። ለክርስቶስ ለራሱ ፍላጎት አላችሁ ወይስ የናፈቃችሁት ድምፁና ግለቱ ነው? በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይታወቃችኋል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። ደብተር አውጡና በየቀኑ ከእናንተ ጋር የገንዘብ ወይም የሥልጣን ጉዳይ ያላቸውን ሰዎች ስም ጻፉ። የቤት ሠራተኛ፣ ተከራይ፣ ከሥራችሁ ያለ ሠራተኛ፣ ያበደራችሁ ወንድም። ከየስሙ አጠገብ «ይህ ሰው በእኔ ላይ ምን ያውቃል?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁንን ሰዎች አትጻፉ፤ እነሱ የሚያዩን እሁድ ብቻ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ። ቆጣሪው አንድ ነው። ለመብራት ከእያንዳንዳቸው በወር 200 ብር እቀበል ነበር። ሒሳቡን አስልቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ማስላት አልፈለግሁም። አንድ ማታ ስለ ቀራጩ ዘኬዎስ ላስተምር ስዘጋጅ ሉቃስ 19፥8 ላይ ደረስኩ። አራት እጥፍ እመልሳለሁ የሚለው። እጄ ቆመ። ተነሥቼ ደረሰኞቹን አመጣሁ። ድርሻቸው ከ110 ብር አይበልጥም። 90 ብር ትርፍ፣ በ14 ወር 1,260 ብር ይሆናል። ዘኍልቍ 5፥7 አምስተኛውን ጨምሮ ይመልስ ይላል፤ 252 ጨመርኩ። 1,512 ብር በፖስታ አደረግሁ።

ብሩ አልከበደኝም። የአንዷን ተከራዬን በር ማንኳኳት ነው የከበደኝ። ሦስት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። በአራተኛው ከፈተችልኝ። ካፌ ነው የምትሠራው፤ ገና መግባቷ ነበር፣ ሽርጧን እንኳን አልፈታችም። ነገርኳትና ፖስታውን ሰጠኋት። አልቆጠረችውም።

«አውቅ ነበር እኮ እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቆጣሪው ከመስኮቴ ይታያል።»

14 ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብዬ ስጸልይ በዚያው መስኮት ትሰማኝ ነበር።

ገንዘቡን በመመለሴ ዳንኩ? አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል፤ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ኢየሱስ ዘኬዎስ ቤት የገባው ገንዘቡን ስለመለሰ አይደለም። አስቀድሞ «ዛሬ ቤትህ እውላለሁ» አለው፤ መመለሱ ከዚያ በኋላ መጣ። ኤፌሶን 2 ቁጥር 8 እና 9 ጸጋ በእምነት አዳነን፣ ከሥራ አይደለም ይላል። ቁጥር 10 ደግሞ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። እኛ ጴንጤዎች ቁጥር 9 ላይ ማቆም እንወዳለን። ኦርቶዶክስ የሆነችው አክስቴ «ያዕቆብን ለምን ትዘሉታላችሁ?» ትለኛለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል የሚለው እዚያው የያዕቆብ መልእክት ውስጥ ነው ያለው፤ እነሱ ትምህርቱን አልሳቱም። የጎደላቸው ለጌታ መገዛት ነው።

ይህን ፍተሻ በሰው ላይ አታድርጉት። ባለቤታችሁን፣ ዘማሪውን፣ መጋቢውን አትመዝኑበት። ጳውሎስ «ራሳችሁን መርምሩ» ነው ያለው። እንክርዳዱን ከስንዴው የመለየት ሥራም ለእኛ አልተሰጠም።

ከጻፋችሁ በኋላ ገጹ ሞልቶ ልባችሁ ቢወድቅስ? ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ሆነው ደብተራቸውን ዘግተው የሚያለቅሱ አጋጥመውኛል። «እንግዲያው ድሮም አልዳንኩም» ይላሉ። ለእነሱ ማርቆስ 9፥24ን አነባለሁ፤ የታመመው ልጅ አባት አምናለሁ፣ አለማመኔን እርዳው ብሎ የጮኸውን። ኢየሱስ መጀመሪያ እምነትህን ሙላና ተመለስ አላለውም። ልጁን ፈወሰለት። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ አምርሮ አልቅሷል፣ ተመልሷልም። የሚያስፈራኝ ደብተሩ ባዶ የሆነበት ሰው ነው። ለእሱ አጥብቄ እጸልያለሁ።

ስትመልሱ የሚረዷችሁ ጥቂት ነገሮች። አስቀድማችሁ ጸልዩ፣ ግን ጸሎቱን ማዘግያ አታድርጉት። ሰበብ አትደርድሩ። «በይ ይቅር በይኝ» ብላችሁ አታስጨንቁ፤ ይቅርታው የእነሱ ነው፣ ጊዜ ሊፈልጉ ይችላሉ። ለሰው ምስክርነት ብላችሁ መድረክ ላይ ለማውራት አትቸኩሉ። ሁለተኛው ተከራዬ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ቤቱን ያገናኘንን ደላላ ስልኩን ጠየቅሁና ደወልኩለት፣ ከዚያ በቴሌብር ላክሁለት። መልስ አልሰጠኝም። አሁን በየወሩ የመብራቱን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቼ ለሁለቱም ቤት እልካለሁ፤ ሒሳቡን የሚያካፍሉት እነሱ ናቸው።