ቴስቱ ኤአርኤም ላይ ብቻ ሲወድቅ ቶሎ ብላችሁ ስኪፕ አታድርጉት

ሲ ወይ ሲ ፕላስ ፕላስ የምትጽፉ ልጆች ይቺን ያዙልኝ። ቴስቱ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ያልፋል፣ ኤአርኤም 64 የሚባለው ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ ኦ0 (ኮምፓይለሩ ኮዱን ኦፕቲማይዝ ሳያደርግ) ሲሆን ሰላም ነው፣ ኦ2 (ኦፕቲማይዝ እያደረገ) ስታደርጉት ግን ይወድቃል፣ ከዛ ሰው "የኮምፓይለር ባግ ነው" ይልና ቴስቱን ያጠፋዋል። ኧረ ቆይ!

ኮዱ ውስጥ የነጥብ ቁጥር ሒሳብ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ኮዱ እንዲፈጥን ኦፕቲማይዝ ሲያደርግ በዲፎልት ማባዛትና መደመርን አንድ ላይ አድርጎ ኤፍኤምኤ በሚባል አንድ ኢንስትራክሽን ይሰራቸዋል፣ ኤአርኤም 64 ላይ ይሄ ሁሌም አለ፣ ተራው ኤክስ86-64 (የኢንቴሉ ዓይነት) ላይ ግን ራሳችሁ በፍላግ ካላበራችሁት አይጠቀመውም፣ ራውንድ የሚደረገው ሁለቴ መሆኑ ቀርቶ አንዴ ስለሚሆን መጨረሻ ላይ ያለችው ዲጂት ትለያለች። እኔ የገጠመኝ ኤክስ በኤክስ ሲቀነስ ዋይ በዋይ ነው፣ ሁለቱም ራንታይም ላይ 0.1 ሆነው ገብተው ዜሮ መምጣት ሲገባው ኢምንት የምታክል ቁጥር ትመጣለች፣ ቴስቱ ደግሞ ልክ ዜሮ ካልሆነ ብሎ ድርቅ። ኤፍኤፍፒ ኮንትራክት የሚለውን ፍላግ ኦፍ አድርጋችሁ (-ffp-contract=off) ሞክሩ፣ ካለፈ ምክንያቱ ተገኘ፣ ማወዳደሪያውን በቶለራንስ (ትንሽ ልዩነት እንዲፈቅድ) አድርጉት።

ኦ0 ላይም ከወደቀ ቻር የሚባለውን የዳታ ዓይነት እዩ። ሊኑክስ ላይ ኢንቴል ሳይንድ (ከዜሮ በታችም የሚይዝ) ነው፣ ኤአርኤም አንሳይንድ (ከዜሮ በታች የማይይዝ)፣ -1 ያስቀመጣችሁት 255 ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ስኪፕ ሳይሆን ለዛ ታርጌት (ፕሮሰሰር) ብቻ ኤክስፌል (እንደሚወድቅ ይጠበቃል የሚል ምልክት) አድርጉት፣ ምክንያቱንም ጻፉበት፣ የተስተካከለ ቀን ራሱ ኤክስፓስ (ይወድቃል ሲባል አለፈ) ብሎ ይነግራችኋል።