የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ነጭ ቤተሰቦች የጻፉትን ትዝታ እንዴት እናንብብ?

ከማንበባችሁ በፊት ወረቀት ላይ አራት ዓመቶች ጻፉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 1930፣ መሬቱን በነጭና በጥቁር የከፋፈለው ሕግ። 1965፣ የነጮቹ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢያን ስሚዝ ከብሪታንያ ተነጥሎ ነጻነት ያወጀበት። 1980፣ የዚምባብዌ ነጻነት። 2000፣ የነጮችን የእርሻ መሬት መንጠቅ የተጀመረበት። (ለእኛ ሰው 1991ንም እጨምራለሁ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ የገቡበት ነው።)

እኔ እርሳስ ይዤ ነው የማነበው። የቤቱ ጥቁር ምግብ አብሳይ ብቅ ባለ ቁጥር አሰምርበታለሁ። ስሙ ተጽፏል? የአባቱስ? ልጆቹ የት ነው የሚያድሩት? አንዳንዴ የውሻው ስም ተጽፎ የእሱ ይዘለላል። እዚያ ጋ ቆም በሉ።

እናትየዋ ልጇን ስትቀብር ግን አብራችኋት እዘኑ። በነጻነት ጦርነቱ ጊዜ በመንገዱ የተቀበረው ፈንጂም፣ አልጋ ሥር ያለው ጠመንጃም የእውነት ነበር።

ስትጨርሱ በዚያው ዘመን ያደገ የአገሩ ጥቁር ሕዝቦች፣ የሾና ወይም የንዴቤሌ ልጅ የጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ።