የመኪና ኢንቨርተር «ጲጲ» ብሎ ሲጠፋ

ባትሪው ሙሉ ነው፤ ስልክና ላፕቶፕ ያለችግር ቻርጅ ይሆናል። ጁስ መፍጫው ሲሰካ ግን ኢንቨርተሩ (የመኪናውን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 የሚቀይረው ሳጥን) ጲጲ ብሎ ይጠፋል። እዚህ አዳማ ለጥገና ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ ሕመማቸው ይኸው ነው፤ የሚመጡትም ባለቤቱ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው። ጥፋቱ የገመዱ ነው።

600 ዋት ከ12 ቮልት ሲሳብ፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ተጨምሮ፣ 57 አምፔር ገደማ ይሆናል። ሰው ግን ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር የቤት ገመድ ከኮፈን ሥር እስከ ኋላ ወንበር ይጎትታል። 3 ሜትር ሄዶ 3 ሜትር ሲመለስ 1.5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12 ቮልት ካለ ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው 10.5 ነው፤ ብዙዎቹ የሚጮኹት እዚያው አካባቢ ነው። መፍጫው ሲነሳ ደግሞ ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባል።

ስለዚህ ዕቃው እየሠራ በቴስተር ሁለት ቦታ ለኩ፦ ባትሪው ላይና ኢንቨርተሩ ብሎን ላይ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ባትሪውን ተዉት። አንድ የሚኒባስ ሹፌር «አዲስ ባትሪ ነው እኮ!» እያሉ ሲከራከሩኝ «ጋሼ፣ እስቲ ምንጣፉን ያንሱልኝ» አልኳቸው። የገመዱ ላስቲክ ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። ሽታውን የፍሬን ሸራ መስሏቸው ነበር! ሌላው «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ የተሸጠለትን ወፍራም ገመድ ይዞ መጣ፤ በቢላ ስፍቀው ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም። እንዲህ ያለውን የሚሸጥ ሰው እሳት እየሸጠ ነው።

መፍትሄው፦ ኢንቨርተሩን ወደ ባትሪው አስጠጉ፤ ርቀት ካስፈለገ የ220ውን ገመድ አርዝሙ። እዚያ በኩል ያው 600 ዋት 3 አምፔር እንኳ አይሞላም። ለ1000 ዋት ከ25 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ መዳብ፣ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ውስጥ 125 አምፔር ፊውዝ። ጫፉ በኬብል ጫማ (ብሎን በሚገባበት የመዳብ ጫፍ) ተጨምቆ ይታሰር፤ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ሥራ አይደለም። ኔጌቲቩም ዝገት የበላው ቦዲ ላይ አይታሰር።

የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ፦ 15 አምፔር በ12 ቮልት 180 ዋት ነው። ከ150 ዋት በላይ እዚያ አይሰካም። ፊውዙን በ30 የሚቀይር፣ ይባስ ብሎ በሽቦ የሚያስር፣ መኪናውን ለማቃጠል ተዘጋጅቷል።

ሠርቶ ሠርቶ ሞቆ ከጠፋ፦ ከወንበር ሥር አውጡት፤ የማራገቢያው ቀዳዳ ይተንፍስ። የአዳማ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሲሆንማ አይጠየቅም።

ማራገቢያ ወይም ፍሪጅ እያጉረመረመ ከሞቀ፦ የኢንቨርተሩ ሞገድ ንጹሕ ሳይን (እንደ ቤት መብራት ያለ ለስላሳ ሞገድ) አይደለም። ሞተር ያለውን ዕቃ ንቀሉ።

ወደ ጂቡቲ የምትመላለሱ የሲኖትራክ ሹፌሮች፦ መኪናችሁ 24 ቮልት ነው። ባለ 12 ኢንቨርተር ከተሰካበት በኋላ ለጥገና አታምጡልኝ።

መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩን የቤት ሶኬት ውስጥ የሚሰኩ አሉ። በፍጹም! መብራቱ ሲመለስ ኢንቨርተሩ ይፈነዳል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ መስመሩ የሞተ መስሎት የሚነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ከመኪና የወጣ 220 ከግድግዳው እኩል ይገድላል፤ እርጥብ እጅ አይወድም። የተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አስነስታችሁ አትጠቀሙ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል።

ጠዋት መኪናው አልነሳ ካለ፦ ምንም ሳይሰካበትም ኢንቨርተሩ ይበላል። ማታ ማብሪያውን አጥፉ።