ሁለት ትልልቅ አየር መንገዶች በአንድ ጊዜ ሲቀጥሯችሁ የቱን እንደምትይዙ እንዴት ትወስናላችሁ?

አንድ እሁድ ከሰዓት ወዳጄ ደወለና «ቶሎ ና» አለኝ። አብራሪ ነው፤ የሚኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ስደርስ ባለቤቱ ቡና እየቆላች ነው፤ እሱ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጧል። ሁለት ኢሜይል። አንዱ ከዩናይትድ፣ አንዱ ከዴልታ። ሁለቱም «እንኳን ደስ አለህ» ይላሉ። አየር መንገድ ለመግባት የሚጠየቀውን 1,500 የበረራ ሰዓት ለመሙላት በትንሽ አውሮፕላን ተማሪ ሲያስተምር ኖሯል። ከዚያ በአነስተኛ አየር መንገድ ዓመታት ለፍቷል። አሁን ግን «የቱን ልያዝ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶታል።

አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሙያ ያሉ ልጆቻችን እየበዙ ስለሆነ፣ ያን ቀን ያወራነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. መጀመሪያ የሲኒየሪቲን ነገር በደንብ ተረዱት

በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች የአብራሪን ኑሮ የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው፤ ሲኒየሪቲ ይሉታል። በተቀጠራችሁበት ቀን ወረፋ ትይዛላችሁ። የምትነሱበት ከተማ፣ የምታበሩት አውሮፕላን፣ የወር ፕሮግራማችሁ፣ ለገና እቤት መሆን አለመሆናችሁ፣ ካፒቴን የምትሆኑበት ዓመት፣ ሁሉም በዚያ ወረፋ ነው። ጎበዝ ስለሆናችሁ ማንንም አትቀድሙም።

ቁጥሩ ደግሞ ከድርጅት ወደ ድርጅት አይሻገርም። ሃያ ዓመት የሠራ ካፒቴን ነገ ሌላ ጋ ቢሄድ ከመጨረሻው ወንበር፣ በጀማሪ ደመወዝ ይጀምራል። አሜሪካን አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2001 ቲደብሊውኤ የተባለውን አየር መንገድ ሲገዛ ብዙ የቲደብሊውኤ አብራሪዎች የዓመታት ልፋታቸው እያለ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ወርደዋል። ስለዚህ «አሁን ይሄን ልያዝና ካልተመቸኝ እቀይራለሁ» የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ተዉት።

2. የሥልጠና መግቢያ ቀናችሁን አነጻጽሩ

አንዱ በመጋቢት፣ ሌላው በመስከረም ከጠራችሁ፣ በመካከሉ ባሉት ስድስት ወራት የሚገቡት ሁሉ ይቀድሟችኋል። ብዙ ሰው በሚቀጠርበት ዘመን ይህ በመቶዎች የሚቆጠር ወረፋ ነው። ልዩነቱ የሳምንታት ከሆነ ግን አያስጨንቃችሁ።

3. ካርታ ዘርጉ

እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይሄንን ነው። ቤዛችሁ፣ ማለትም በረራችሁ የሚነሳበት ከተማ፣ ከቤታችሁ በመኪና የሚደረስ ነው ወይስ አይደለም?

ዴልታ አትላንታ፣ ዲትሮይት፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትል አለው። ዩናይትድ ደለስ (ዋሽንግተን አካባቢ)፣ ኒዋርክ (ኒውዮርክ አጠገብ)፣ ቺካጎ፣ ዴንቨር፣ ሂዩስተን፣ ሳን ፍራንሲስኮ አለው። አሜሪካን ዳላስ፣ ሻርሎት፣ ማያሚ፣ ፊላደልፊያ አለው። ሳውዝዌስት ከባልቲሞርም ከዳላስም ይነሳል። የእኛ ሰው በብዛት የሰፈረባቸውን ከተሞች አስቡ፤ ዋሽንግተን አካባቢ፣ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር። ቤተሰብ፣ ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ልጆቹን ለሰዓታት የምትይዝ አክስት፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው።

ከቤዛችሁ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ «ኮሚዩት» ታደርጋላችሁ። ማለት ወደ ሥራ ለመሄድ ራሱ አውሮፕላን ትሳፈራላችሁ፣ ያውም ባዶ ወንበር ወይም ኮክፒት ውስጥ ያለው ትርፍ መቀመጫ ከተገኘ። ጀማሪ ስትሆኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሪዘርቭ፣ ማለትም ተጠባባቂ ናችሁ። ስልክ ይጠራል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለባችሁ። ስለዚህ ቤዙ አጠገብ አልጋ ትከራያላችሁ። ክራሽ ፓድ ይሉታል።

ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ኪው ጋርደንስ የሚባል ሰፈር በእነዚህ ቤቶች ይታወቃል። አንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች፣ በር ላይ የተደረደረ ጥቁር ጫማ፣ ፍሪጅ ውስጥ ስም የተጻፈበት ምግብ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የአንዱ ስልክ ይጮሃል፣ ሁሉም ይነቃል። ለዚህ ቤት ከፍላችሁ፣ ከልጆቻችሁ ርቃችሁ፣ ስልክ ትጠብቃላችሁ። ከቤት ወደ ቤዝ የምትመላለሱበት ጊዜ ደግሞ ከእረፍት ቀናችሁ የሚወሰድ እንጂ ማንም የሚከፍላችሁ አይደለም።

ጥንቃቄ ግን አለ። ድርጅቱ ከተማችሁ ውስጥ ቤዝ አለው ማለት እናንተ ትመደቡበታላችሁ ማለት አይደለም። ጥያቄው «አዲስ ሰው እዚያ ለመግባት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» የሚል ነው። ኑሮ የሚወደድባቸው እንደ ኒውዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ ያሉት ብዙ ጊዜ ለጀማሪ ቶሎ ይከፈታሉ።

4. ዕድሜያችሁን ቁጠሩ

ሕጉ ለአየር መንገድ አብራሪ 65 ዓመት ላይ ይቆማል። ዛሬ 30 ከሆናችሁ 35 ዓመት አላችሁ፤ 50 ከሆናችሁ 15። ከዚያ ከፊታችሁ ያሉት ስንቶቹ መቼ ጡረታ እንደሚወጡ ጠይቁ። ለምሳሌ 10,000 አብራሪ ያለው ድርጅት በዓመት 400 ቢያሰናብት፣ በአሥር ዓመት 4,000 ሰው ከፊታችሁ ይነሳል። ወጣት ከሆናችሁ ይህ ስሌት ወርቅ ነው። በ50 ዓመቱ ለሚገባ ሰው ግን የትልቁ አውሮፕላን ካፒቴንነት ላይደርስለት ይችላል፤ ጥሩ ቤዝና ጥሩ ፕሮግራም ይሻለዋል።

5. የሚያበሩትን እዩ

ሳውዝዌስት የሚያበረው ቦይንግ 737 ብቻ ነው። አንድ አውሮፕላን፣ አጫጭር በረራ፣ ቀለል ያለ ሕይወት። ውቅያኖስ መሻገር ለሚመኝ ሌሎቹ ይሻሉታል። የአገር ቤት ናፍቆት ግን እንዲመራችሁ አትፍቀዱ። ዩናይትድና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም ስታር አላያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ናቸው፤ የሠራተኛ ቅናሽ ትኬት ግን በሌላ ስምምነት የሚሰጥ ስለሆነ እናትን ለመጠየቅ ስትሉ ድርጅት አትምረጡ።

6. ገንዘቡን በአጭሩ

ዴልታ፣ አሜሪካንና ዩናይትድ በ2023 ተከታትለው ከአብራሪዎቻቸው ጋር አዲስ ውል ተፈራረሙ፤ የሳውዝዌስት በ2024 መጀመሪያ ጸደቀ። የሰዓት ክፍያቸው ተቀራራቢ ነው። ይልቅ በወር የሚረጋገጥላችሁን ዝቅተኛ ሰዓት፣ ለጡረታ የሚያስገቡላችሁን፣ ለኮሚዩተር ያላቸውን ደንብ አንብቡ።

7. የክፉ ቀንን አስቡ

ችግር ሲመጣ የሚቀነሰው መጨረሻ የገባው ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ በጥቅምት 2020፣ አሜሪካን አየር መንገድ 1,600 ገደማ አብራሪዎችን ያለ ደመወዝ አሰናብቶ ነበር፤ የመንግሥት ድጎማ ሲቀጥል መልሶ ጠራቸው። ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። የወራት ወጪ ሳትይዙ ትልቅ ቤትና መኪና ውስጥ አትግቡ።

8. ከገባ ብዙ ያልቆየውን ሰው ጠይቁ

የሃያ ዓመት ካፒቴን ስለ ዛሬው ጀማሪ ኑሮ ብዙ አያውቅም። ባለፈው ዓመት የገባውን ፈልጉ። «ባለፈው ወር ስንት ሌሊት እቤትህ አደርክ?» በሉት።

9. ስትወስኑ ሌላውን ወዲያው አሳውቁ

ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። የመግቢያ ቀናችሁ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ግን ከአሁኑ ሥራችሁ አትልቀቁ። የጤናና የማንነት ማጣሪያ ገና ሊቀር ይችላል።

ወዳጄ ከቶናው በኋላ በቅርብ ዩናይትድ የገባ ልጅ ጋ ደወለ። «መጀመሪያ ኒዋርክ ሊመድቡህ ይችላሉ፣ ከዚያ ደለስን ትጠብቃለህ» አለው። ባለቤቱ ይህን ስትሰማ «ኒዋርክማ በባቡር ይደረሳል» አለች። ደለስ ደግሞ ከቤታቸው በመኪና ነው። በረካው ሲቀዳ ለዴልታ «ስላመናችሁብኝ አመሰግናለሁ፤ ቦታዬን ለሌላ ስጡልኝ» ብሎ እየጻፈ ነበር።