የስዊቹ ፖርት «ሞተ» ከማለታችሁ በፊት

አዳማ ውስጥ ኔትወርክ የሚዘረጋ ሰው ሁለት ጠላት አለው፤ ነፋስና አቧራ። ከከተማው ዳር የተተከሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ ሱቅ ድረስ ገብቶ አቧራውን ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው፣ ፖርት የሚባሉ የኬብል መሰኪያ ቀዳዳዎች ያሉት ሣጥን) ላይ ያራግፋል። «አንዱ ፖርት ሞተብኝ፣ አዲስ ስዊች ልግዛ?» ብሎ ለሚደውልልኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ቆይ፣ መጀመሪያ በስልክህ ባትሪ አብርተህ ውስጡን እየው።

እርግጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ይቀድማል። ያንኑ ኬብል ደህና በሚሠራ ሌላ ፖርት ላይ ሰኩት። እዚያም የፖርቱ ትንሽ መብራት ካልበራ ጣጣው ከኬብሉ ወይም ከወዲያኛው ጫፍ ነው። እዚያ በርቶ እዚህ እምቢ ካለ ፖርቱ ተጠርጣሪ ነው። ስዊቹ ሴቲንግ ያለው ዓይነት ከሆነ ፖርቱ ከዚያ ተዘግቶ እንዳይሆን እዩ። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ፒን (ፖርቱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች) ስጎረጉር ውዬ፣ ለካ ሰው ዘግቶት ኖሯል።

ኬብሉን ሲይዙት ይበራል፣ ሲለቁት ይጠፋል? አብዛኛውን ጊዜ የፕለጓ፣ ማለትም የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው መሰኪያ፣ ምላስ ተሰብሯል። ቆርጣችሁ አዲስ ፕለግ ምቱበት። አዲሱም ከተወዛወዘ የፖርቱ ፒኖች ረግበዋል፣ ወይም የጃኩ (የፖርቱ ቤት) እግር ከስዊቹ ቦርድ ላይ ለቋል።

መብራቱ ጨርሶ አይበራም? ወይስ ፍጥነቱ ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) የነበረው ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል? እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ፖርቱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ፒኖች አሉ። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ነው፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ፍጥነቱ ብቻ ከወረደ 4፣ 5፣ 7 ወይም 8ን ጠርጥሩ። ጭራሽ ካልበራ ከ1፣ 2፣ 3 እና 6 አንዱ ሳይጎዳ አይቀርም።

ፒን የሚያጎብጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የስልክ መስመር ፕለግ፣ አርጄ 11 የሚባለው ነው። ጠበብ ስለሚል አርጄ 45 በሚባለው የኔትወርክ ፖርት ውስጥ ዘው ይላል፤ ጠርዙ ግን 1ኛውንና 8ኛውን ፒን ይጫናል። ሁለተኛው በክሪምፐር (ፕለጉን ኬብሉ ላይ በሚረግጠው ፒንሳ) በደንብ ያልተረገጠ ፕለግ ነው። ቀና ብለው የቀሩት ስለቶቹ የፖርቱን ፒኖች ያበላሻሉ።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ እጅ ግን ይፈልጋል። ስዊቹን ከኤሌክትሪክ ንቀሉ፣ ኬብሎቹንም አውጡ። የታመመውን ፖርት ከጎረቤቱ ጋር አስተያዩ። የወረደውን ፒን በመርፌ ወይም በቀጭን ወረንጦ ከሥሩ ቀስ አድርጋችሁ ከሌሎቹ ጋር እኩል አንሱት። ከመስመሩ የወጣ ካለ ወደ ቦታው መልሱት። ደጋግማችሁ ካጎበጣችሁት ይሰበራል፤ ያኔ ጃክ መቀየር ግድ ነው።

ፒኖቹ ቀጥ ያሉ ሆነው ቆሽሸው ወይም አረንጓዴ ነገር ይዘው ከሆነ፣ አልኮል በነካ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። አረቄ አይሆንም፤ ይህን የምለው ሲሞከር ስላየሁ ነው። በደንብ ሳይደርቅ እንዳትሰኩት።

ከመብረቅ ወይም ከኤሌክትሪክ መዋዠቅ በኋላ ነው የጠፋው? የተቃጠለ ሽታስ አለው? በተለይ በጣሪያ ላይ ወደ ካሜራ የሚሄድ ኬብል የነበረበት ፖርት ከሆነ መርፌው አያድነውም። የተቃጠለው ከጃኩ ጀርባ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር ወይም ቺፑ ነው። አንድ ቺፕ ብዙ ፖርት ስለሚይዝ ጎረቤቶቹም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ጃክ መቀየር ያዋጣል ወይ? ባለ 8 ፖርት ርካሽ ስዊች ከሆነ እኔ አልነካውም። ብዙ ጊዜ ጃኮቹ አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ለማዳን ሁሉንም እግር ከሶልደር ማላቀቅ ነው። የሞተው ላይ ፕላስተር ለጥፉና በሌላ ፖርት ሥሩ። ባለ 24 ውድ ስዊች ከሆነ ቦርድ የሚሠራ ባለሙያ ይየው።

ክፍት ለሚቀሩት ደህና ፖርቶች ባዶ ፕለግ ክዳን ይሆናል፤ አቧራ አያስገባም። ብቻ ከመሰካታችሁ በፊት በክሪምፐር ርገጡት፤ አለዚያ ነገ ተመልሳችሁ መርፌ ፍለጋ ነው።