ከፍዬ የጨረስኩት ብድር «ክፍት ነው» ሲባል

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለመግዛት ብድር ልጠይቅ ነበር። ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት የብድር ታሪኬን አስጣራሁ። ባንኮች ከማበደራቸው በፊት ብሔራዊ ባንክ ካለው የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚያጣሩ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ጉድ ነው! ድሮ ለአይሱዙ የወሰድኩት ብድር ገና አልተዘጋም ይላል። ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ፤ ሊብሬው ላይ የነበረው እገዳም ተነስቷል።

ለዚህ ብሔራዊ ባንክ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። መረጃውን የሚልከው አበዳሪው ነው፤ የሚያርመውም እሱ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ደረሰኝ፣ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤውንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን ይዤ ቅርንጫፉ ሄድኩ። ሠራተኛው «ክሊራንስ እንጻፍልህ» አለኝ፤ ዕዳ የለበትም የሚል ደብዳቤ ማለት ነው። ተቀበልኩ፤ ግን ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሲስተሙ ላይ ካልተስተካከለ ቀጣዩም ባንክ የሚያየው ያንኑ ነው። ስለዚህ እርማቱን እንዲልኩ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ቅጂው ላይ ቀንና ማህተም አስመታሁ። «ነገ ና» ሲበዛ ሥራ አስኪያጁ ጋ ያስገባችኝ ያቺ ቅጂ ናት።

በኋላ የቤት ብድሩን የያዘችው ባለሙያ እንደገና አየችልኝ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፦ ቀሪ ዕዳ ዜሮ፣ ብድሩ ዝግ። ማመልከቻዬን ያኔውኑ አስገባሁ።