የተክሉ ሲግናል ነው ወይስ የእጃችሁ?

ተክል ከአርዱዊኖ (ፕሮግራም ከሚደረግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር አገናኝታችሁ ሲነካ ድምፅ የሚያወጣ ወይም መብራት የሚያበራ ፕሮጀክት የምትሠሩ ካላችሁ፣ ይቺን ልንገራችሁ። ቅጠሉን በጣታችሁ ስትነኩት ስክሪኑ ላይ የሚዘለው መስመር ብዙ ጊዜ የተክሉ የኤሌክትሪክ ሲግናል አይደለም። ሰውነታችን ከቤቱ የመብራት መስመር የ50 ኸርዝ ረብሻን እንደ አንቴና ይሰበስባል። ስትነኩት የሚገባው እሱ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቅጠሉን በደረቅ የእንጨት ስንጥር ንኩት። መስመሩ ዝም ካለ፣ ቅድም ያያችሁት ከእጃችሁ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥላችሁ ኤሌክትሮዶቹን (ሲግናሉን ከተክሉ የሚቀበሉትን የሽቦ ጫፎች) እርጥብ ስፖንጅ ላይ አድርጋችሁ በጣታችሁ ንኩት። ስፖንጁም ያንኑ መስመር ካሳየ፣ ተክሉን ገና አልሰማችሁትም ማለት ነው።

ረብሻውን ለመቀነስ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሥሩ። ለልብ ምርመራ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች ጥሩ ይሠራሉ። አንዱን ቅጠል ላይ፣ አንዱን ግንዱ ላይ አድርጉ፤ የግራውንዱን (የዜሮ ማነጻጸሪያውን) ሽቦ እርጥቡ አፈር ውስጥ ቅበሩት። ሲግናሉ በሚሊቮልት የሚለካ ስለሆነ አምፕሊፋየር (ሲግናል ማጉያ) የግድ ነው። ኤዲ8232 የሚባለውን ርካሽ የልብ ምት ሞጁል ግን አልመክርም። የተሠራው ለልብ ስለሆነ ዘገምተኛ ለውጦችን አጣርቶ ይጥላል፤ የብዙ ተክሎች ለውጥ ደግሞ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ደቂቃዎች ይፈጃል።

ለጀማሪ ሲነኩት ቅጠሉን የሚያጥፈው ሚሞሳ ይሻላል። ሲግናሉ ሲያልፍ ቅጠሉ ሲታጠፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ።